ለአንድ ዓመት የት ልሂድ?

ለልውውጥ ትምህርት ውጭ ልትሄዱ የተሰናዳችሁ ወጣቶች፣ አገር ስትመርጡ ልባችሁን ብቻ አትስሙ። ልብ ሂሳብ አይችልም!

አንዲት የማውቃት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ምርጫ ይዛ መጣችብኝ። ዩኒቨርሲቲዋ በኤራስመስ ፕሮግራም ጣሊያን ሊልካት ይችላል። እሷ ግን «በርሊን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» አለች። አክስቷ እዚያ ናታ!

ወረቀትና እስኪርቢቶ አውጥቼ አብረን ቆጠርን። በራስ ወጪ ለጀርመን የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት የዓመት ኑሮውን የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጠው መጠን 11,904 ዩሮ ነው። አክስት ዋስ ልትሆን ትችላለች። ግን ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ማየት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በኤራስመስ የሚሄድ ተማሪ ግን ለሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። በስኮላርሺፑ ደግሞ የወር መተዳደሪያ ያገኛል። አክስትም ብትሆን አትቀርም፤ የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ጀርመንን መጎብኘት ይችላል።

ከገንዘቡ የሚብሰው ሌላ ነው። እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ በየትኛው እንደሚተካ የሚገልጽ የትምህርት ስምምነት አለ፤ ተማሪውና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከጉዞ በፊት ይፈርሙበታል። ያለ እሱ የሄደ፣ ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እሱ ያንኑ ዓመት ሊደግም ይችላል።

እናም «ከተማዋ ታምራለች ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ኮርሱ ይያዝልኛል ወይ?» በሉ። መልሱንም በቃል ሳይሆን በፊርማ ተቀበሉ።