ለአሜሪካ የዜግነት ፈተና መዘጋጀት፡ ከቃል ጥናት እስከ ቃለ መሐላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ በሚገኙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ሲጨዋወቱ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የዜግነት ፈተና ነው። አንዱ ለቃለ መጠይቅ መጠራቱን ተናግሮ በጸሎት እንዲያስቡት ይለምናል። ሌላዋ እናት እንግሊዝኛ አለማወቋን እያሰበች ማመልከቻውን ከዓመት ወደ ዓመት ታስተላልፋለች። ፈተናውን ሳይሆን መሐላውን የሚፈሩም አሉ፤ «ሀገሬን መካድ ይሆንብኛልን? ሃይማኖቴንስ ይነካብኛልን?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምእመናን እንዴት ሊዘጋጁበት እንደሚገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሐላ የሚሰጠው ቃል ምን እንደሆነ በአጭሩ እናያለን።

ምድራዊ ዜግነት በቅዱሳት መጻሕፍት

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሊገረፍ በታሰረ ጊዜ ሮማዊ መሆኑን ገልጦ ያለ ፍርድ ከመገረፍ ድኗል። የሻለቃው በብዙ ገንዘብ ያገኘውን ዜግነት እርሱ በልደት እንዳገኘው ተናግሯል (ሐዋ. 22፥25-29)። በኋላም ይግባኙን ወደ ቄሣር ብሎ ወደ ሮም ሄዷል፤ በዚያም ወንጌልን ሰብኳል። ይኸው ሐዋርያ ግን ለፊልጵስዩስ ምእመናን ሲጽፍ የክርስቲያን ሀገር በሰማይ መሆኑን አስተምሯል (ፊልጵ. 3፥20)። ምድራዊውን መብት አልናቀም፤ ከሰማያዊውም አላስበለጠውም።

ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው እንዲኖሩና ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መክሯል (ኤር. 29፥5-7)። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ ዜግነትን መጠየቅ በራሱ የእምነት ጉድለት አይደለም። የሚያስጠይቀን ወደ እርሱ የምንሄድበት መንገድ ነው።

ከማመልከት በፊት የሚታዩ ነገሮች

በመደበኛው ሥርዓት አንድ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ ግሪን ካርድ ካገኘ 5 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በጋብቻ አብሮ ለሚኖር ጊዜው 3 ዓመት ነው። ማመልከቻውን የመኖሪያ ጊዜው ከመሙላቱ 90 ቀን አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል።

ከ5ቱ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአሜሪካ ምድር ላይ መገኘት ግዴታ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ወላጆች ሳያውቁ ይጎዳሉ። ለልደት ወደ ላሊበላ የተሳለሙ፣ ከዚያም ለልቅሶ ወይም ለተስካር የቆዩ እናቶች ጉዟቸው ከ6 ወር ካለፈ የመኖሪያ ጊዜያቸው እንደተቋረጠ ሊቆጠርባቸው ይችላል፤ ይህን ለማስተባበል ማስረጃ ማቅረብ ይኖርባቸዋል። ቆይታው አንድ ዓመት ከሞላ ደግሞ በሕጉ የተለየ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር ጊዜው ይቋረጣል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለውንም ውጤት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ በሀገር ውስጥ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል፤ ነገር ግን የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጥም። ይህን ለቤተሰብ ገልጦ፣ ተመካክሮና ጸልዮ መወሰን ከቁጭት ያድናል። በሌላ በኩል ወላጅ ዜጋ ሲሆን፣ ግሪን ካርድ ይዞ በእርሱ አሳዳጊነት አብሮት የሚኖር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም በሕጉ ዜግነት ያገኛል።

ፈተናው ምን ይዟል?

ፈተናው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛው የሀገሪቱ ታሪክና የመንግሥት አሠራር ነው። በቋንቋው ክፍል ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮችም አንዱን በትክክል መጻፍ ይበቃል። የንግግር ችሎታ የሚመዘነው ኦፊሰሩ በማመልከቻው ላይ ስላሉት ጉዳዮች ሲጠይቅ በሚሰጠው መልስ ነው።

የታሪኩና የመንግሥት አሠራሩ ክፍል በቃል የሚጠየቅ ነው። ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 (ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.) በፊት ያመለከቱ ሰዎች የሚያጠኑት 100 ጥያቄዎችን ነው፤ እስከ 10 ተጠይቀው 6 መመለስ አለባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያመለከቱት ግን 128 ጥያቄዎችን ያጠናሉ፤ እስከ 20 ተጠይቀው 12 መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተገኘ የቆየ መጽሐፍ ከመያዝ በፊት የትኛው ፈተና እንደሚመለከተን ማረጋገጥ ይገባል። ጥያቄዎቹን ከነመልሶቻቸው የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በነጻ አውጥቷቸዋል።

አንዱን ክፍል ያላለፈ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም። ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያላለፈውን ክፍል ብቻ ዳግመኛ ይፈተናል።

ለአረጋውያንና ለሕሙማን የተሰጠ አስተያየት

ብዙ አባቶችና እናቶች «እንግሊዝኛ አልችልም» በማለት ብቻ የሕግ መብታቸውን ሳይጠቀሙ ይቀራሉ። ሕጉ ግን ለእነርሱ መንገድ አበጅቷል። ሲያመለክቱ 50 ዓመት የሞላቸውና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ዓመት የሞላቸውና 15 ዓመት የኖሩ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው፤ የታሪኩን ክፍል በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ወይም በሚያውቁት በሌላ ቋንቋ ይፈተናሉ። 65 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት የኖሩ ደግሞ ተለይተው የወጡ 20 ጥያቄዎችን ብቻ ያጠናሉ፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፋሉ።

በሕመም ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት መማርም ሆነ መፈተን የማይችል ሰው፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ቅጽ ኤን-648ን ሞልቶ ሲያረጋግጥለት ከፈተናው ነጻ እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ግን ለእውነተኛ ሕመምተኛ የተሰጠ ነው። ጤነኛ ሰው ጥናትን ለመሸሽ ሲል ሐሰተኛ ወረቀት ቢያጽፍ ኃጢአትም ወንጀልም ይሆንበታል።

በአብነት ትምህርት ልማድ ማጥናት

መጽሐፍ ሳያነቡ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚያደርሱ እናቶች በየአጥቢያው አሉ። ይህን ያገኙት ከካህኑ አፍ ደጋግመው በመስማት ነው። በአብነት ትምህርት ቤታችን የቃል ትምህርት የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው፤ መምህሩ ይናገራል፣ ደቀ መዝሙሩ ይቀበላል፣ የትናንቱ ሳይጸና ወደ ዛሬው አይታለፍም። ለዜግነት ፈተናም ይኸው ልማድ ይጠቅማል። በቀን ሦስት ወይም አራት ጥያቄ በድምፅ መስማት፣ በማግሥቱ ከልሶ መቀጠል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉንም መመለስ በአንድ ሌሊት ከሚደረግ ድካም ይሻላል።

ቁጥሮችን በአንድነት መያዝም ይረዳል። ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡት 435 ናቸው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች 9 ናቸው፤ በሕገ መንግሥቱ ላይ 27 ማሻሻያዎች ተደርገዋል። የነጻነት አዋጁ የጸደቀው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 ሲሆን ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787 ነው። የክልል ገዥን፣ የሴናተርንና የፕሬዚደንትን ስም የሚጠይቁት ግን በምርጫ ስለሚለዋወጡ ለቃለ መጠይቅ ከመሄድ በፊት መረጋገጥ አለባቸው።

መልሱን ከማወቅ ጋር ምክንያቱን መረዳትም ይገባል። የመጀመሪያው ማሻሻያ የሃይማኖትን ነጻነት ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያን የምንተክለው፣ በጥምቀት ታቦት አክብረን የምንወጣው፣ ልጆቻችንን በሃይማኖታችን የምናስተምረው በዚህ ሕግ ጥበቃ ሥር ሆነን ነው። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ሲቪል መብት ትግል የሚቀርበው ጥያቄም ከእኛ ሕይወት የራቀ አይደለም። በዚያው የትግል ዘመን፣ በ1965 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ሰዎችን በትውልድ ሀገራቸው እየለየ የሚገድበው ኮታ ተሻረ። የ1980ው የስደተኞች ሕግና የዲቪ ዕጣን ያስገኘው የ1990ው ሕግም ከዚያ በኋላ ተከተሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚያጠናው የሌላውን ታሪክ ብቻ አይሆንም፤ እርሱ ራሱ የገባበትን በር ታሪክ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው፡ እውነትን መናገር

ቃለ መጠይቁ የሚጀመረው እውነትን ለመናገር በመማል ነው። ከዚያም ኦፊሰሩ ቅጽ ኤን-400ን ይዞ ስለ ጉዞ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ግብርና ስለ እስር ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ለታሪኩ ጥያቄ ቢሆንም የሚመረመረው በዋናነት በዚህ ነው። በብዙዎቹ ጥያቄዎች ላይ «በሕይወትዎ አንድም ጊዜ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አለ፤ የቆየ ነገር፣ የተዘጋ ክስም ቢሆን ሳይደበቅ ሊነገር ይገባል።

በእኛ ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያይ የልደትና የጋብቻ ቀን ሲመለስ ስሕተት ይገባል። በስደት ካምፕ የተመዘገቡ ሰዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም። ተክሊል የተፈጸመበት ቀንና በመዘጋጃ ቤት የተፈረመበት ቀን የሚለያይባቸው ባለትዳሮችም አሉ። እነዚህ ልዩነቶች በራሳቸው ሐሰት አይደሉም፤ ተደብቀው ሲገኙ ግን ሐሰት ይመስላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ወረቀቶችን አስተያይቶ፣ የሚያስቸግር ነገር ካለ ፈቃድ ያለውን የሕግ ጠበቃ ወይም በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠውን ወኪል ማማከር ይገባል። ቅጽ የሚሞላ ወዳጅ ወይም ጉዳይ አስፈጻሚ የሕግ ምክር ሊሰጥ አይችልም።

ጥቅም ለማግኘት በመሐላ የተነገረ ሐሰት ማመልከቻን ያስወድቃል፤ ከዓመታት በኋላ ቢታወቅ የተሰጠውን ዜግነት ሊያሰርዝ ይችላል። ለክርስቲያን ግን ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት አለ፤ በሐሰት መመስከር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን መሻር ነው። በዚህ ነገር ኅሊናው የሚወቅሰው ምእመን ጉዳዩን ለንስሐ አባቱም ለጠበቃውም ሳይደብቅ ያቅርብ።

በፍርሃት ብቻ የሚሳሳቱም አሉ። ቅጹ ላይ ተከታትለው የሚመጡት ብዙ ጥያቄዎች መልሳቸው «አይደለም» ስለሚሆን፣ በስተመጨረሻ ሕገ መንግሥቱን ይደግፉ እንደሆነ ሲጠየቁ ሳያስተውሉ «አይደለም» የሚሉ ይገኛሉ። ያልገባን ጥያቄ እንዲደገምልን ወይም በሌላ ቃል እንዲነገረን መጠየቅ የተፈቀደ ነው።

የታማኝነት መሐላ

የመጨረሻው ደረጃ መሐላው ነው። ተመራቂው ለሌላ መንግሥትና ገዥ የነበረውን የዜግነት ታማኝነት መተዉን፣ ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታማኝ መሆኑንና ሕጉ ሲጠይቅ ሀገሪቱን ማገልገሉን ያረጋግጣል። የሚተወው መንግሥታዊ ታማኝነትን ነው። ሃይማኖትን፣ ጥምቀትን፣ ቋንቋንና የወገንን ፍቅር እንዲተው የሚጠይቅ ቃል በውስጡ የለም።

ስለ መሐላ ጌታችን ያስተማረውን (ማቴ. 5፥33-37) አስቦ ኅሊናው የሚከብደው ሰው ቢኖር ሕጉ ለእርሱም ቦታ ሰጥቷል። «እምላለሁ» በሚለው ፈንታ «በጽኑ አረጋግጣለሁ» እንዲልና የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራውን የመጨረሻ ሐረግ እንዲተው ሊጠይቅ ይችላል። በሃይማኖቱ ምክንያት የጦር መሣሪያ መያዝን የሚቃወም ሰውም ማስረጃውን አቅርቦ ያ ክፍል እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። ይህን ጥያቄ ማቅረብ የሚገባው ግን የኅሊና ምክንያት በእውነት ያለው ሰው ነው፤ ከንስሐ አባቱ ጋርም አስቀድሞ ይመካከርበት። ሌላውም ምእመን ቢሆን የመሐላውን ቃል በአማርኛ ተተርጉሞለት፣ ትርጉሙን ተረድቶ እጁን ሊያነሣ ይገባዋል። ያልተረዱትን ቃል በእግዚአብሔር ፊት መስጠት ለክርስቲያን አይመቸውምና።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በየአጥቢያው እንግሊዝኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ። በዚያው አጥቢያ የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ በፈተናው ፍርሃት ምክንያት ግሪን ካርዳቸውን ብቻ እያሳደሱ የሚኖሩ አያቶችም አሉ። ከቅዳሴ በኋላ በሳምንት አንድ ሰዓት እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወጣቶቹ ጥያቄውን ያስጠናሉ፣ የቃለ መጠይቁንም ሥርዓት ያለማምዳሉ፤ አያቶቹ በምላሹ አማርኛውንና ጸሎቱን ያስተምራሉ። ቀጠሮው የደረሰውንም ሰው ብቻውን አንተወው፤ በመኪና የሚያደርሰው፣ በጸሎትም የሚያስበው ይኑር።

እግዚአብሔር አምላካችን በእውነት ተናግረን፣ የሰጠነውንም ቃል ጠብቀን እንድንኖር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።