ያውቁ ኖሯል? የክርና የክብሪት ፈተና

ሽሮ ሜዳ ቀሚስ የሚያማርጡ እናት ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያሻሉ። «ጥጥ ነው» የሚለው የሻጩ መሐላ ካላሳመናቸው ከዘርፉ አንድ ክር መዘው ክብሪት ይጭሩበታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፤ ቀልጦም ጫፉ ላይ ጠጣር እንክብል ይቋጥራል። ድሩ ሌላ፣ ማጉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም መሞከር ነው።

ፖሊስተር «ያፍናል» መባሉም ሐሜት አይደለም። በተለመደ አየር ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ፣ ሱፍ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላቡን የማይጠጣው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ለተማሪ ዩኒፎርም ማን ይጠላዋል?

የክብሪቱን ፈተና የሚያታልል ግን አለ፦ ሬዮን። ከእንጨት ስለሚሠራ አነዳዱ ቁርጥ ጥጥ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ሳፋ ውስጥ ነው። ጥጥ ሲርስ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ተራው ሬዮን ግን የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። ስለዚህ ያን የሚያብረቀርቅ የሬዮን ሸሚዝ ጠምዝዘው አይጭመቁት።