ረቂቁ አንባቢ በጥገኞች ቤት

ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ፣ ዝሆንም ይሁን በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ፣ በዘሩ ተጽፎ ያለውን ትእዛዝ አንብቦ ወደ አካል የሚለውጥ ራይቦዞም የሚባል ረቂቅ መሣሪያ አለው። ጆርጅ ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1955 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ የገለጠው ይህ መሣሪያ ከማነሱ የተነሣ፣ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሰልፍ ቢቆሙ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፉም።

ሥራው ፊደል እንደሚቈጥር የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ከዘር ማኅደር ተገልብጦ የመጣውን የአር ኤን ኤ ክር በታናሹ ክፍሉ ይዞ፣ ሦስት ሦስት ፊደል እየቈጠረ ሲያነብ፣ ለየሦስቱ ፊደል የሚገባው አሚኖ አሲድ በተሸካሚው ይቀርብለታል፤ ታላቁም ክፍል ከቀደመው ጋር ያያይዘዋል፤ የማብቂያው ምልክት እስኪደርስም የፕሮቲኑ ሰንሰለት ይረዝማል። ይህን የሚያያይዘው ራሱ ፕሮቲን ሳይሆን አር ኤን ኤ ነው፤ የራይቦዞምን መዋቅር የገለጡት ራማክሪሽናን፣ ስታይትዝና ዮናትም እ.ኤ.አ. በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

ይህ የሚያነብና የሚያያይዝ የራይቦዞም ልብ በፍጥረት ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ሲሆን፣ ዳር ዳሩ ግን እንደ ባለቤቱ ኑሮ ይለዋወጣል። የሐር ትልን የሚፈጁት ማይክሮስፖሪዲያ በአስጠጊያቸው ሕዋስ ውስጥ ገብተው የእርሱን ስንቅ ስለሚበሉ፣ የራሳቸውን ጓዝ ትውልድ በትውልድ ሲያራግፉ ኖረዋል፤ በሌሎች ራይቦዞሞች ላይ እንደ ዘርፍ የተንዠረገጉት የአር ኤን ኤ ቅጥያዎችም ከእነርሱ ተቈርጠዋል። በዚህ ባክቴሪያን ስለ መሰሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሊቃውንት ከጥንታውያን ቀዳሚ አድርገው ቈጥረዋቸው ነበር፤ ኋላ ከሻጋታና ከእንጉዳይ ጋር ዘመዳማቾች መሆናቸው ሲታወቅ፣ ሽምግልና የመሰለው ነገር መራቈት ሆኖ ተገኘ።

ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ የሚወርደውን ሠራተኛ የአሸዋ ዝንብ ነድፋ የምታጋባው የካላ አዛር ተውሳክ ሌይሽማኒያ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ቅጥያዎቹ አልጠፉም፤ ይልቁንም ሰፍተዋል። በሰው ዘንድ አንድ የሆነው የታላቁ ክፍል ረጅም ክርም በእርሱ ዘንድ ከስድስት ተቈራርጧል፤ ነገር ግን ጥራዙ የተፈታ ብራና በባለሙያ እጅ ቅጠሉ ሳይዛባ እንደሚጠረዝ፣ ቍራጮቹ በየስፍራቸው ተገጣጥመው ንባቡን ያደርሳሉ።

ፓሮሞማይሲን የሚባለው መድኃኒት ፊደሉ በሚነበብበት በታናሹ ክፍል ተለጥፎ ሌይሽማኒያን ንባብ ያሳስተዋል፤ የሰውን እምብዛም የማይነካውም በዚያ ስፍራ ባለው የጥቂት ፊደላት ልዩነት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ታማሚው ይህን መርፌ ከአንቲሞኒ መድኃኒት ጋር ለ17 ቀናት ሲወጋ፣ ዳሩን ሁሉ የለወጠው ጥገኛ ሊለውጠው ባልቻለው በልቡ ይያዛል።