ስልክ ቂብላን በምን ያውቃል?

ልጆች፣ ስልክን አግድም ስናደርገው ምስሉ አብሮ ይዞራል። ስንራመድ እርምጃችንን ይቆጥራል። ቂብላ ስንፈልግበት ደግሞ ቀስቱን እያዞረ ያሳየናል። ዓይን የለው፣ እግር የለው፤ መንቀሳቀሱን በምን አወቀ?

ከመገናኛ ወደ ሳሊተ ምሕረት በታክሲ ስትሄዱ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ወደፊት ትወረወራላችሁ። ሲነሳ ደግሞ ጀርባችሁ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ እንኳ ታክሲው መቆሙን ወይም መነሳቱን ሰውነታችሁ ይነግራችኋል።

ስልክ ውስጥም እንዲህ ያለ ትንሽ ተሳፋሪ አለ። ያለበት ዕቃ አክስሌሮሜትር ይባላል። ተሳፋሪው ከሲሊኮን የተሠራ እጅግ ደቃቅ ቁራጭ ነው፤ እንደ ሞላ በሚለጠጡ ቀጫጭን ዘንጎች ተይዟል። ጎንና ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። ስልኩ ሲንቀሳቀስ ቁራጩ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ይለወጣል። ስልኩ ይህን ለውጥ በኤሌክትሪክ ይለካዋል። ዝም ብሎ ሲቀመጥም የመሬት ስበት ቁራጩን ስለሚጎትተው ታች የቱ እንደሆነ ያውቃል። ጋይሮስኮፕ የሚባለው ሌላው ዕቃ ደግሞ መዞርን ይለካል።

ሰሜን የት እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁም። ይህ የማግኔቶሜትር ሥራ ነው፤ የምድርን የማግኔት ኃይል ይለካል። ከአዲስ አበባ መካ ያለችው በስተሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ አዘንብላ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የምድር ማግኔት ደካማ ስለሆነ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ የብረት በር፣ ሊፍት፣ በፎቅ ቤት ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ ሁሉ ቀስቱን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ሽፋኑን አውልቁ፤ ከብረት ራቅ በሉ፤ ስልኩን በአየር ላይ 8 ቁጥር እየጻፋችሁ አንቀሳቅሱት። ከዚያም በአቅራቢያችሁ ካለው መስጂድ ሚህራብ ጋር አመሳክሩ።

ያለ ስልክ የሚፈተሽበት መንገድም አለ። በየዓመቱ ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6፡18 ገደማ፣ ሐምሌ 8 እና 9 ደግሞ 6፡27 ገደማ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙ። ጥላው አጭር ቢሆንም ይታያል፤ ከጥላው በተቃራኒ ያለው አቅጣጫ ቂብላ ነው።