የሸክላ ዕቃ ዕድሜ፦ ሰብሳቢውና የፊዚክስ ሰዓት

ጀበና ለመግዛት ገበያ የወጣች እናት ዕቃውን አንስታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ቆየት የሚል ድምፅ ከሰጣት ዋጋ ወደ መጠየቁ ትገባለች፤ የታፈነ ድምፅ ከሰማች ግን ዕቃውን መልሳ ታስቀምጣለች። ይህ ምርመራ በፊዚክስ በኩል ሲታይ ፍጹም ትክክል ነው። ዕቃው የተሰነጠቀ ከሆነ፣ የስንጥቁ ሁለት ፊቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት ድምፁ ቶሎ ይከስማል። ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎችም ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነርሱ አንዱ ነው።

እኔ የማውቃቸው ሰብሳቢዎች ጥቂት ናቸው። መምህራንና ጡረተኞች ይበዛሉ፤ አንድ የረጅም መንገድ ሾፌርም አለ፤ ከሁላችንም የተሻለ ስብስብ ያለው እርሱ ነው። አልፎ አልፎ ቡና እየጠጣን እንገናኛለን። አዲስ ዕቃ ያገኘ ይዞ ይመጣና ከየት እንደመጣ ሳይናገር መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። ሌሎቻችን ጀበናው ጡት አለው ወይስ መቅጃውና አፉ አንድ ነው፣ ጆሮው የት ላይ ተለጠፈ፣ ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ በጭስ የጠቆረ እያልን አገሩን ለማወቅ እንሞክራለን። ክርክሩ በዚህ አያበቃም። በመጨረሻ አንዱ «ዕድሜውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ይዞራል። ከዚህ በታች የቀረበው በዚያ ቡና ላይ ጀምሬ የማልጨርሰው መልስ ነው።

በኳርትዝ ውስጥ ያለው ሰዓት

ሸክላ የሚሠራበት አፈር እንደ ኳርትዝና ፌልድስፓር ያሉ የማዕድን ቅንጣቶችን ይዟል። በዚያው አፈር ውስጥ እጅግ አነስተኛ መጠን ያላቸው ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ራዲዮአክቲቭ ፖታሲየም ይገኛሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ጨረር በኳርትዙ ክሪስታል ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል። አብዛኞቹ ወዲያው ይመለሳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ክሪስታሉ ጉድለት ባለበት ሥፍራ ይጠመዳሉ። ወጥመዱ ጥልቅ ከሆነ በተለመደው የአየር ሙቀት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይወጡ ሊቆዩ ይችላሉ።

እሳት ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ቅንጣቱ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ወጥመዶቹ ይራገፋሉ። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚቃጠል ሸክላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሙቀት መጠን ያልፋል። እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋ ዕቃዋን ባቃጠለችበት ዕለት የሰዓቱ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ ወጥመዶቹ እንደ አዲስ መሙላት ይጀምራሉ። ዕድሜውን ማወቅ የፈለገ ባለሙያ በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ከዕቃው ጥቂት ዱቄት ሰርስሮ ያወጣና ያሞቀዋል። የተጠመዱት ኤሌክትሮኖች ተለቀው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ብርሃን ይሰጣሉ፤ የብርሃኑም መጠን ዕቃው ከተቃጠለ ወዲህ የተቀበለውን ጠቅላላ ጨረር ያመለክታል። ዘዴው ቴርሞሉሚነሰንስ ይባላል። ለዕድሜ መለኪያ ሊውል እንደሚችል ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ኤትከንና ባልደረቦቹ ለሸክላ ምርምር አዳብረውታል።

ስሌቱ ቀላል ማካፈል ነው፤ ጠቅላላው ጨረር በዓመት ለሚገኘው ጨረር ይካፈላል። አንድ ገንቦ 1200 ሚሊግሬይ ተቀብሎ ቢገኝና ዓመታዊው መጠን 4 ሚሊግሬይ ቢሆን ዕድሜው 300 ዓመት ይሆናል። ዓመታዊውን 3 ሚሊግሬይ ብንለው ግን 400 ዓመት ይወጣል። ለመቶ ዓመት ልዩነት ምክንያት የሆነው አንድ ሚሊግሬይ ብቻ ነው። ውድ አንባቢ፣ የሰብሳቢው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጨረሩ ከፊሉ የሚመጣው ከሸክላው ከራሱ ነው። ሌላው ግን ዕቃው ተቀብሮ ከነበረበት አፈር፣ በዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ካሉት ቅንጣቶች የሚደርሰው ጋማ ጨረር ነው። የአፈሩ እርጥበትም ሒሳቡን ይነካል፤ ውኃ ጨረርን ይቀንሳልና። ስለዚህ አርኪኦሎጂስት ገሉን ሲያነሣ አፈሩንም አብሮ ይወስዳል። በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የተለካ ዕድሜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ስሕተት ይኖረዋል፤ ከየት እንደተነሣ ለማይታወቅ ዕቃ ግን ስሕተቱ ከ20 በመቶ በላይ ሊሄድ ይችላል። ከመሬት አውጥቶ፣ አራግፎና አጥቦ መደርደሪያ ላይ ያኖረ ሰው የሰዓቱን ግማሽ ጥሎታል ማለት ነው። ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑም መታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ከማኅበራችን አባላት አንዱን ከመቆፈር ያስተወው አዋጁ ሳይሆን ከላይ የተመለከተችው ማካፈል ነበረች።

ሌላም ጉዳይ አለ። ሰዓቱ የሚቆጥረው ዕቃው ከተሠራበት ቀን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ክፉኛ ከጋለበት ቀን ጀምሮ ነው። ቤት ተቃጥሎ አብሮ የነደደ ጋን ዕድሜውን ከቃጠሎው ቀን ይጀምራል። የእኛ ስብስብ አብዛኛው ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጠራቀመው ጨረር ጥቂት ስለሆነ መሣሪያው እምብዛም አይረዳም። ከሠሪዋ እጅ ለተገዛ ዕቃ ከሁሉ የሚበልጠው የዕድሜ መለኪያ እርሳስና ወረቀት ነው።

ቀዳዳዎቹ የያዙት

የሸክላ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በእነርሱ ምክንያት ነው። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2.4 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር 100 ግራም ውኃ ተንኖ የቀረውን 10 ሊትር በስድስት ዲግሪ ገደማ ሊያቀዘቅዝ ይችላል። እነዚሁ ቀዳዳዎች የተቀቀለውን ስብና የተጠመቀውን መጠጥም ይመጥጣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ገጠር ቤት አሮጌ የጠላ ጋን ገዛሁ። ውስጡ የተላላጠና የሻከረ ስለነበር ያማረ መስሎኝ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አለሰለስሁት። ቆይቶ በጋሞ ምድር ስለ ሸክላ ያጠናውን የአርኪኦሎጂ ተመራማሪ የጆን አርተርን ጽሑፍ አነበብሁ። የእህል መጠጥ ሲፈላ የሚፈጠረው አሲድ የዕቃውን የውስጥ ፊት እየበላ እንደሚሄድና፣ ለመጥመቅ ብዙ እህል ስለሚያስፈልግ ይህ ጉዳት በይበልጥ የሚታየው በባለጸጎች ቤት ዕቃ ላይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትሟል። እኔ ቆሻሻ ያልሁት የአንድ ቤት የኑሮ ታሪክ ነበር። ዛሬ በዚያ ጋን ላይ የትኛው የእርሾ፣ የትኛው የእኔ ብሩሽ ሥራ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በመሣሪያ የማይገኘው

ከክሪስታልም ከቀዳዳም የማይነበብ አንድ ነገር አለ፤ የሠሪዋ ስም። በአገራችን በብዙ ሥፍራ ሸክላ ሠሪዎች በሙያቸው ሲናቁና ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ቢያወጡም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ይህ ንቀት በእኛ በሰብሳቢዎች ወረቀት ላይም ይታያል፤ «ጀበና፣ ጎንደር» ተብሎ ይጻፋል፣ ሠሪዋ ግን የለችም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ለጎብኚዎች የሠሯቸው ትንንሽ ምስሎች በየአገሩ ባሉ ቤቶች ተበትነው ይገኛሉ፤ እኔ ካየኋቸው ውስጥ ስም የተጻፈበት አንድም አላጋጠመኝም።

ስለዚህ በስብስባችን አንድ ልማድ ጀምረናል። ዕቃ የገዛ ሰው ቦታውን፣ ቀኑን፣ አፈሩ ከየት እንደተቆፈረ፣ ዕቃው ለምን አገልግሎት እንደዋለና የሠሪዋን ስም በካርድ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። በእርሳስ የሆነው ግራፋይት እንደ ቀለም ስለማይደበዝዝ ነው። አሠራሩን የተቃወሙ አልጠፉም፤ ግማሾቹ «ምን ሊረባ» ይላሉ።

ሾፌሩ ባለፈው ጊዜ ካርዱን ይዞ አንዲት አዛውንት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄዶ ስማቸውን ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ግብር ልታስከፍለኝ ነው?» አሉት። ምክንያቱን ካስረዳቸው በኋላ ስማቸውን ነገሩት፤ የእናታቸውንም ስም አስጨመሩ፤ ሙያውን ያስተማሯቸው እርሳቸው ነበሩና።