የቴሌቪዥን ማስታወቂያና እውነተኛው ምስል

ሻጮች «ኤል ኢ ዲ»፣ «ፎር ኬ»፣ «ንፅፅር ሚሊዮን ለአንድ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት፣ ለክፍል የሚሆን ቴሌቪዥን ምረጡ መባላችን አይቀርምና ከወዲሁ እንወቀው።

አንደኛ፦ ኤል ኢ ዲ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቴሌቪዥን ኤል ሲ ዲ ነው። ኤል ኢ ዲ የተባሉት ከኋላ የሚያበሩት ትንንሽ መብራቶች ናቸው። ምስሉን የሚሠራው ከፊታቸው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሲሆን፣ እሱም ብርሃኑን ጨርሶ ስለማይከለክል በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል።

ሁለተኛ፦ ሚሊዮን ለአንድ የሚባለው ንፅፅር ብዙውን ጊዜ በአንድ ምስል ላይ የተለካ አይደለም። ነጩ መብራቱ ደምቆ፣ ጥቁሩ መብራቱ ደብዝዞ ለየብቻ ይለካሉ።

ሦስተኛ፦ ፎር ኬ 3840 በ2160፣ ይኸውም 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። የሚመጣው ሥርጭት 720 በ576 ከሆነ ግን ያለው 414,720 ነጥብ ብቻ ነው፤ የቀረውን መሣሪያው በግምት ይሞላዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው!

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የሱቁን ማሳያ አስዘግተን፣ ድምቀቱንም አስቀንሰን፣ የምናስተምርበትን ፊልም በፍላሽ ይዘን ሄደን እናስከፍት። መጨረሻ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ተማሪ ጽሑፉን ማንበብ ከቻለ ቴሌቪዥኑ ይበቃናል።