ሸለቆውን ሳሎን ያስገባው መነጽር

ስቴሪዮስኮፕ ላየው ሰው ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ከታች የእንጨት እጀታ፣ ከላይ ሁለት ሌንስ፣ የጎን ብርሃን እንዳይገባ ግንባር ላይ የሚገጥም ከለላ፣ ከዚያ ወደ ፊት የተዘረጋ ቀጭን ዘንግ። ዘንጉ ላይ የካርድ መያዣ ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል። ካርዱ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉት ሁለት ፎቶግራፎች በባዶ ዓይን ሲታዩ ልዩነት ያላቸው አይመስሉም። ዓይንን ከሌንሱ አስጠግቶ መያዣውን ገፋ፣ ሳብ ሲያደርጉት ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ቋጥኙ ወደ ፊት ይወጣል፣ ገደሉ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ምስጢሩ ያለው ከዓይናችን ነው። ሁለቱ ዓይኖች ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ነገር በየራሳቸው አቅጣጫ ያዩታል፤ አእምሮም ጥልቀትን የሚገምተው ከዚህ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህንን በመስታወት በሠራው መሣሪያ አስረዳ። ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ ስላልተዋወቀ ያሳየው በእጅ የተሣሉ ሥዕሎችን ነበር። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር መሣሪያውን በሌንስ አሻሻለው፤ በ1851 የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲወዱት ገበያው ደራ። ባለ እጀታውን ቀላል ዓይነት በ1861 ገደማ ያወጣው ደግሞ የቦስተኑ ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው። ሆምስ ሆን ብሎ የፈጠራ መብት አላስመዘገበበትም፤ የፈለገ ሁሉ እየሠራ ሸጠው።

በዚያው በ1861 የሳን ፍራንሲስኮው ፎቶ አንሺ ካርልተን ዋትኪንስ የካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ሸለቆ ገባ። የጋሪ መንገድ ስላልነበረ ዕቃው ሁሉ የተጫነው በበቅሎ ነው፤ ዕቃውም ቀላል አልነበረም። በዘመኑ አሠራር የመስታወት ሰሌዳው ኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ ፎቶው መነሳት፣ ሳይደርቅም መታጠብ ስላለበት የጨለማው ክፍል በድንኳን መልክ አብሮ ይጓዛል። ዋትኪንስ ሲመለስ 30 ግዙፍ ሰሌዳዎችና 100 ያህል ጥንድ ምስሎች ይዞ ነበር። ከጉዞው ፎቶግራፎች በአንዱ “ግሪዝሊ ጃያንት” የተባለው የሴኮያ ዛፍ ይታያል። ግንዱ ሥር ጌለን ክላርክ የሚባል ሰው ቆሟል፤ ተመልካች መጀመሪያ ልብ አይለውም፣ ሲያገኘው ግን የዛፉ ግዝፈት ያን ጊዜ ይገባዋል።

ግዙፎቹ ፎቶግራፎች ኒው ዮርክ ውስጥ በጋለሪ ታዩ፤ ጥንድ ምስሎቹ ደግሞ በየሳሎኑ ከእጅ እጅ ዞሩ። ሆምስ ራሱ ዋትኪንስ 12 የመስታወት ምስሎች እንደላከለት በ1863 በአትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ጽፏል። በ1864 መጀመሪያ እዝራኤል ሬይመንድ የተባለ የመርከብ ኩባንያ ሰው ሸለቆው እንዲጠበቅ ለሴኔተር ጆን ኮነስ ሲጽፍ የዋትኪንስን ፎቶግራፎች አብሮ ላከ። ፕሬዚዳንት ሊንከንም የእርስ በርስ ጦርነቱ እየነደደ ሳለ ጁን 30 ቀን 1864 ሸለቆውንና የማሪፖሳን የሴኮያ ደን ለካሊፎርኒያ በአደራ የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። ካሊፎርኒያን በሕይወታቸው ረግጠዋት አያውቁም።

ምስሎቹ ብቻቸውን ሕጉን አስወጡት ማለት ግን ግነት ነው። ኮነስ ሴኔቱን ሲያሳምን መሬቱ ለሌላ ሥራ የማይረባ መሆኑንም አንስቷል፤ ይህን የፖለቲካ ብልሃት የትኛውም ሌንስ አያሳይም።

ሌላም የማያሳየው አለ። የመሬቱ ባለቤቶች የአህዋኒቺ ሕዝቦች ናቸው፤ በ1851 የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለው የታጠቀ ኃይል መንደራቸውን አቃጥሎ አሳደዳቸው። ከዐሥር ዓመት በኋላ የተነሳው ሸለቆ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ይመስላል። የዱር እንስሳም የለበትም፤ ካሜራው ሰከንዶችን ስለሚፈልግ የሚሮጥ አጋዘን ምስሉ ላይ አይቀርም ነበር። አራዊት በካርድ የወጡት በአብዛኛው ሞተው፣ ቆዳቸው ተሞልቶ ነው። የኮሎራዶዋ ማርታ ማክስዌል ራሷ አድና ያደረቀቻቸውን እንስሳት በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ ሰው ሠራሽ ተራራ ላይ ደርድራ ስታሳይ፣ የትርኢቱ ጥንድ ምስል እየታተመ ተሸጧል። ያላየነውን ለማሳየት መግደል ያስፈለገበት ዘመን ነበር።

ዋትኪንስ ከሥራው ብዙም አልተጠቀመም። በ1870ዎቹ ሲከስር ሰሌዳዎቹ በሌሎች እጅ ገቡ፤ እንደገና ያሰባሰበውን ደግሞ በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው እሳት በላበት። ዓይኑ ጠፍቶ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሳለ በ1916 አረፈ።

ካርዱ ከገበያ እየወጣ ሳለ መሣሪያው መልኩን ለወጠ። በ1938 ዊልያም ግሩበር የተባለ ፒያኖ አስተካካይ ሁለት ካሜራዎች አጣምሮ በኦሪገን ዋሻዎች ጥብቅ ስፍራ ፎቶ ሲያነሳ የፖስት ካርድ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ሃሮልድ ግሬቭስ አየውና ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያ ወሬ የተወለደው ቪውማስተር በ1939 ገበያ ወጣ። ክብ ካርቶኑ ሰባት ጥንድ ባለ ቀለም ምስል ይይዛል፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል የግራንድ ካንየንና የካርልስባድ ዋሻዎች ይገኙበታል።